ያልተቀየረው ቺንጋ

ሰው «በፊት የት ነበር የምትሠሪው?» ሲለኝ «አንድ መኪና አስመጪ ድርጅት፣ ዋስትና ክፍል» ብዬ እመልሳለሁ። ሲሰሙት ደህና ሥራ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ግን ሥራዬ የእምቢታ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። መኪናው የተበላሸበት ደንበኛ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ተቀብዬ፣ አዝኜለት፣ «እናየዋለን» ብዬ እሸኘዋለሁ። በሳምንቱ እኔው የፈረምኩበት፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ እሰጠዋለሁ። ደብዳቤው ሁልጊዜ «በአክብሮት እንገልጻለን» ብሎ ያልቃል። ያቺን «በአክብሮት» ያስገባኋት እኔ ነኝ። ከኔ በፊት የነበረው ልጅ ዝም ብሎ «አይመለከተንም» ነበር የሚለው። እኔ ጽሑፍ ስለምችል አሳመርኩላቸው። ዛሬ ሳስበው የሚያቅለሸልሸኝ ማንም ሳያስገድደኝ ማሳመሬ ነው።

ግቢያችን የካ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ፊት ለፊት መስታወት የሆነ መሸጫ፣ ከኋላ ጋራዥ። ሥራ አስኪያጁ አርባዎቹ ውስጥ ያለ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ነበር። የደንበኞችን ወረቀት ሲገልጥ አውራ ጣቱን ይልሳል። አንድ ገጽ፣ አንድ ልስ። ያንን ወረቀት መልሶ ለኔ ይሰጠኛል፤ ጠርዙ እርጥብ ነው። በመጀመሪያው ወር በናፕኪን እይዘው ነበር፤ በኋላ ተውኩት። ሰው ምን የማይለምደው ነገር አለ?

ይህን የምጽፈው ስለ አንዲት ሴትዮ ነው። ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያሉ፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የሚኖሩ የወተት ነጋዴ ናቸው። ድሮ ከባለቤታቸው ጋር አያት አካባቢ ያርሱ ነበር። መሬቱ ኮንዶሚኒየም ሲሆን ወደ ዘመዶቻቸው ሠፈር ወጡና ላም ማርባት ጀመሩ፤ ባላቸው ካረፉ በኋላ ራሳቸው መንጃ ፈቃድ አወጡ። ያቺን ነጭ አነስተኛ የጭነት መኪና ከኛ ነው የገዙት፣ አዲስ ሆና። ጠዋት ጠዋት ከዳገቱ በታች ጀምረው ወደ ላይ እየወጡ ከየቤቱ ወተት ይሰበስባሉ፣ ከዚያ ዞረው ወርደው አያት ላሉ ሱቆች ያከፋፍላሉ። እኔም አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ስለምኖር ምናልባት ወተታቸውን ጠጥቼው ይሆናል።

ለሰርቪስ አንድም ቀን ዘግይተው አያውቁም። የሰርቪስ ደብተሯን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን በነጠላ ጫፍ ቋጥረው ይመጡና ጠረጴዛዬ ላይ ይፈቱታል። «ልጄ፣ ቀኗ ደርሷል መሰለኝ፣ እስቲ እዪልኝ» ይላሉ። ከአማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛቸው ለስለስ ብሎ ይሰማል። ንባብ ቀስ ስለሚልባቸው ማኅተሞቹን በጣታቸው እየነኩ ይቆጥሩ ነበር። አንድም ገጽ አልተዘለለም። የመጨረሻው ማኅተም ላይ በእስክሪብቶ «ታይሚንግ ቺንጋ ተቀይሯል» ተብሎ ተጽፏል።

ከዚያች ማኅተም በኋላ ሁለት ወር እንኳ በደንብ ሳይሞላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ መኪናቸው በሌላ መኪና እየተጎተተች ግቢ ገባች። እሳቸው ከኋላ በእግር መጡ። ቀሚሳቸው እስከ ጉልበታቸው ድረስ ወተት ነክቶት፣ ደርቆ፣ አቧራ ይዞበታል። የኮመጠጠ ሽታ አብሯቸው ገባ። ሥራ አስኪያጁ በመስታወቱ በር ሲያልፍ አፍንጫውን ሲይዝ አየሁት።

«ምን ሆነው ነው፣ እትዬ?» አልኳቸው።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ልጄ። ዳገቱን አጋምሼ ነበር። ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እንጨት ሲሰበር ዓይነት። ከዚያ ዝም አለች። ሞተሯ ጠፋ። ፍሬን ብረግጥ ድንጋይ ሆነብኝ፣ መሪው አልዞር አለኝ። ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች።»

«ወይኔ! ከኋላ ሰው ነበር?»

«እንጨት የተሸከሙ ሴቶች ነበሩ። አምስት ይሆናሉ። ጮህኩ። ሸክማቸውን ጥለው ሮጡ። እኔ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ መሪውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ግንቡ አዞርኩት። ግንቡ ያዛት።» ቀሚሳቸውን አዩና «ወተቱ እንኳ ይፍሰስ። አንዷን ብገድል ኖሮ ዛሬ በምን ዓይኔ ነበር አንቺን የማየው?» አሉ።

ውሃ ሰጠኋቸው። ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩላቸው፣ እሳቸው ፈረሙ። ዋስትናዋ ገና አላለቀም፤ ሰርቪሷ ሙሉ ነው። «አይዞዎት፣ ይሄ ግልጽ ነው» አልኳቸው። ያን ጊዜ ከልቤ ነበር።

ሞተሩን የፈቱት የጋራዡ አንጋፋ መካኒክ ናቸው። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት የቀራቸው፣ ብዙ የማያወሩ፣ ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው ሰው ነበሩ። ከሰዓት በኋላ አስጠሩኝ። ሄድኩ። የተጣመሙ ቫልቮች ጨርቅ ላይ ደርድረዋል፤ ከአሮጌ ጣውላ የተነቀለ ምስማር ይመስላሉ።

«እዪ» አሉኝ። «ሞተር ከላይ ቫልቭ አለው፣ ከታች ፒስተን አለው። ተራ እየጠበቁ ነው የሚሠሩት። ተራቸውን የምታስጠብቃቸው ይቺ ጥርስ ያላት የጎማ ቺንጋ ናት። ስትበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ይገጨዋል። ሞተሩ አለቀለት ማለት ነው።»

«ሁለት ወር ሳይሞላው የተቀየረ ቺንጋ እንዴት ይበጠሳል?»

የተበጠሰውን ቺንጋ አነሡና ጀርባውን አሳዩኝ። ስንጥቅጥቅ ብሏል፣ እንደ ደረቀ ተረከዝ። ከስንጥቁ መሃል የመኪናው ፋብሪካ ምልክት በነጭ ታትሞ ይታያል። ከዚያ ወደ መጋዘኑ ሄደው አዲስ ቺንጋ ከነካርቶኑ አመጡ። የሱ ጽሑፍ ቢጫ ነው፣ የሌላ አምራች ስም።

«እኛ የምንቀይረው ይሄን ባለ ቢጫውን ነው። ይቺ የሴትዮዋ ግን መኪናዋ ከመርከብ ከወረደች ጀምሮ አልተፈታችም። ሽፋኗን ጠርገው፣ ማኅተም መትተው ሰደዷቸው።»

«ማን?»

«ተይ እንጂ፣ ልጄ። ቺንጋ መቀየር ግማሽ ቀን ይፈጃል። ማኅተም መምታት ምን ይፈጃል? ‹በቀን ይህን ያህል መኪና አስወጡ› የሚለን ማነው? የሳቸው የመጀመሪያዋ አይደለችም።»

ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስወጣ ደፋር ነበርኩ፤ አንድ ሰው ሳያውቅ የሠራውን ጥፋት ልነግረው የምሄድ መስሎኝ ነበር። ነገርኩት። አውራ ጣቱን እየላሰ የሴትዮዋን ፋይል ገለጠ። ፊቱ ላይ ምንም የተለወጠ ነገር አላየሁም።

«እንጦጦ ዳገት ላይ ነው የተበጠሰው፣ አይደል?» አለኝ።

«አዎ። ግን ቺንጋው—»

«ወተት ጭነው ነበር?»

«ጭነው ነበር፣ ግን እኮ ቺንጋው አልተቀየረም። ምልክቱ—»

«ሰማሁሽ። ቺንጋው ይጣል። ደብዳቤውን ዛሬ ጨርሺልኝ። ከመጠን በላይ ጭነት፣ አቀበታማ መንገድ፤ አንቺ መቼም ታውቂበታለሽ።» ከዚያ ፈገግ አለ። «እኔ አላውቅም መሰለሽ?»

ያ ፈገግታ አሁንም ይቀፈኛል። አልተቆጣም፣ አላስፈራራኝም። እንደ ሥራ ባልደረባ ነበር ያወራኝ። እኔ ደግሞ ወረድኩና ጻፍኩ። «ተሽከርካሪው ከመጠን በላይ በመጫኑና ያለአግባብ ለአቀበታማ መንገድ በመዋሉ ምክንያት የደረሰ ጉዳት በመሆኑ፣ በዋስትና ውሉ መሠረት ድርጅታችን ኃላፊነት የማይወስድ መሆኑን በአክብሮት እንገልጻለን።» አንድ ጊዜ አንብቤ «ያለአግባብ» የሚለውን ቦታ ቀየርኩት፤ እዚያ ላይ ዓረፍተ ነገሩ ይሰናከል ነበር። በሰው ላይ እየዋሸሁ ስለ ዓረፍተ ነገር አካሄድ እጨነቅ ነበር።

ሴትዮዋ ዓርብ መጡ። ንጹሕ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተሠርተዋል። መኪናቸውን ይዘው የሚመለሱ መስሏቸዋል። ደብዳቤውን ሰጠኋቸው። ገልብጠው አዩትና መለሱልኝ።

«አንቺ አንብቢልኝ፣ ልጄ። ዓይኔ ደከመ።»

ሌላ ሰው ልጥራ ብዬ ዞር አልኩ፣ ማንም አልነበረም። አነበብኩት። የጻፍኩትን ነገር ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም ነበር። ምላሴ ላይ የሳሙና አረፋ ዓይነት ሆነብኝ። «በአክብሮት» የምትለው ላይ ስደርስ ድምፄ ወረደ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ይሄን የጻፈው ማነው?»

«ድርጅቱ ነው።»

«ድርጅት እጅ አለው እንዴ?»

የሰርቪስ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ ቋጥረው ወጡ። በመስታወቱ በኩል አስፋልቱን ሲሻገሩ፣ ታክሲ ሲጠብቁ፣ ሲገፈተሩ፣ ሳይሳፈሩ ሲቀሩ አየኋቸው። ከዚያ በእግራቸው ወደ ዳገቱ ሄዱ።

የዚያን ቀን ምሳ መብላት አቃተኝ። ጋራዥ ሄድኩ። ጋሼ ታዘው ቺንጋውን ጥራጊው በርሜል ውስጥ ጥለውታል። እሳቸው እጃቸውን ሊታጠቡ እንደሄዱ እጄን እስከ ክንዴ ድረስ በርሜሉ ውስጥ ከተትኩ። የተቃጠለ ዘይት፣ የዘይት ማጣሪያ፣ የሰው ምሳ ትራፊ፣ ያረጀ ጨርቅ፤ ሁሉም አንድ ላይ ቀልጦ የተጣበቀ ነገር ነበር። ቺንጋውን ሳገኝ አንድ ነገር ጥፍሬ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ምን እንደሆነ ማየት አልፈለግኩም። በሁለት ፌስታል ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ማታ ባቡር ላይ ቆሜ አያት እስክደርስ ከቦርሳዬ የሚወጣው ሽታ ሰውን ሁሉ አፍንጫውን የሚያስይዝ መሰለኝ። ማንም ልብ ያለው አልነበረም።

እሑድ፣ ከፋይሉ ገልብጬ በያዝኩት ስልክ ደወልኩና አቅጣጫ ጠየቅኩ። «ቤተ ክርስቲያኑን እለፊና ባሕር ዛፉን ይዘሽ ውጪ፣ ላም ያለበት ግቢ ብለሽ ጠይቂ» አሉኝ። ድምፃቸው ደስ ያለው ነበር፤ ደህና ወሬ ይዤ የምመጣ መስሏቸው ነበር መሰለኝ። መንገዱ እንዲህ ቀጥ ያለ አቀበት መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ሁለት ጊዜ ቆሜ አረፍኩ። ግንቡ ጋ ስደርስ የነጭ ቀለም ፍቃቂ አለበት፤ ከሥሩ የደረቀ ወተት ላይ ዝንብ ሠፍሯል።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ። ሰላም ብለውኝ ሊያስገቡኝ ገለል ሲሉ ፌስታሉን እዚያው ፈታሁ። ከገባሁ በኋላ መናገር የማልችል መሰለኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመኪናዎ ቺንጋ ነው። ከሞተርዎ የወጣው። ይቺን ነጭ ምልክት ያዩዋታል? ከፋብሪካ አብሮ የመጣ ነው። ማኅተሙ ውሸት ነው፣ አልተቀየረም።»

ቺንጋውን ተቀበሉኝ። ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ደብዳቤውን ያነበብሽልኝ ቀን ይሄን ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«የጻፈውስ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። «ያለአግባብ ለአቀበት ብለሽ ጻፍሽ» አሉ፣ ቃሉን አልረሱትም። «ቤቴ እኮ እዚህ ነው። ስትሸጡልኝ አድራሻዬን ጽፋችሁ የለ? ታዲያ የት ልነዳት ኖሯል?»

«ይሄን ይዘው ለሸማቾች ጉዳይ ቢሮ ያመልክቱ። ከጠየቁኝ እመሰክራለሁ» አልኳቸው።

«እንግዲህ እናያለን» አሉና በሩን ዘጉት። እንግዳ በር ላይ አቁሞ በር መዝጋት በዚያ ሠፈር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከውስጥ ለአንድ ሰው በኦሮምኛ ሲያወሩ ሰማሁ። የማውቃት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ሶባ»። ውሸት።

ሴትዮዋ ቺንጋውንና ደብተሩን ይዘው አመለከቱ። ጉዳዩን የያዘው ሠራተኛ ለድርጅቱ ስልክ ሲደውል፣ ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ቺንጋውን ማን እንዳወጣው መፈለግ ነበር። ሞተሩን የፈቱት ጋሼ፣ ቺንጋውን እንዲጥሉ የታዘዙት ጋሼ። ጋራዡ መሃል ሠራተኛ ሁሉ ቆሞ ባለበት «የድርጅቱን ንብረት ሰርቀህ አውጥተሃል» አላቸው። «አንተ» ብሎ፣ በዕድሜ ብዙ የሚበልጡትን ሰው። ቱታቸውን አስወልቆ ከሥራ አገዳቸው። ጋሼ ወደ እኔ አላዩም። እኔ እንደሆንኩ ያወቁ ይመስለኛል፤ ግን አላዩኝም።

እኔ ዝም አልኩ።

ይህን አሳጥሬ ማለፍ ብችል ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አልኩ። በማግሥቱ ሥራ ገባሁ፣ ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሻይ ጠጣሁ፣ ዝም አልኩ። በሦስተኛውም ቀን እስከ ምሳ ዝም አልኩ። ሥራ ማጣት ፈርቼ ነው። ራሴን ደግሞ «ሴትዮዋን ረድቻለሁ፣ አንድ ሰው ይበቃል» እያልኩ እደልለው ነበር። የሥራ አስኪያጁ ፈገግታ ይቀፈኛል ብያለሁ፤ በነዚያ ሦስት ቀኖች ግን የሽንት ቤቱን መስታወት ሳላይ እጄን ታጥቤ እወጣ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ወጣሁና «ቺንጋውን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ አያውቁም» አልኩት።

ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ወንበሩ ላይ ተለጠጠና ሳቀ። «አንቺ? ደብዳቤው ላይ ያለው ፊርማ የማን ሆነና ነው? ልመሰክር ብትሄጂ በራስሽ ላይ ነው የምትመሰክሪው» አለኝ። አላባረረኝም። ቢያባርረኝ ኖሮ ቢያንስ ከሱ የተለየሁ መሆኔን ያመነ ይመስለኝ ነበር። ጋሼን ግን መለሳቸው። ጋራዥ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቃቸው ቱታቸውን እየቆለፉ ሰሙኝ።

«መናገርሽ ደግ አደረግሽ» አሉ። «ግን ልጄ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሚስቴ ‹እውነት ሰርቀህ ይሆን?› በሚል ዓይን ስታየኝ ነበር።» ከዚያ መፍቻቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ዞሩ።

ክርክሩ ሩቅ አልሄደም። ቺንጋው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ድርጅቱ ወዲያው «እንስማማ» አለ። ለመኪናዋ አዲስ ሞተር ተገጠመላት። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና «ለደንበኞቻችን ካለን ክብር የተነሣ በበጎ ፈቃድ» የሚል ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ። «ቺንጋው ተቀይሯል ተብሎ ማኅተም ቢመታም ያልተቀየረ መሆኑ በመረጋገጡ» ብዬ ጀመርኩት። አነበበው፣ አውራ ጣቱን ላሰ፣ ወረቀቱን አጥፎ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። «ዛሬ ጽሑፍሽ አላማረም» አለና ራሱ ጻፈው። በየመስመሩ ስሕተት ነበረበት። ማኅተም ተመታበትና ወጣ፤ ማንም ያስተዋለው የለም።

የርክክቡ ቀን ሥራ አስኪያጁ ፎቶ አንሺ አመጣ። መኪናዋ ላይ ቀይ ሪባን አሰረባት፣ የአበባ እቅፍ አስገዛ። ሴትዮዋን መሃል አቁሞ፣ አንድ እጁን ትከሻቸው ላይ አድርጎ፣ ቁልፉን እያቀበለ ጥርሱን አሳየ። ሠራተኞች እንድናጨበጭብ ተሰልፈናል። ከጭብጨባው መሃል ሴትዮዋ ዞር ብለው «ልጄ፣ ፎቶው ላይ ቺንጋውም ይወጣል?» አሉት። ፎቶ አንሺው ሳቀ፣ ቀልድ መስሎት። ሥራ አስኪያጁም አብሮ ሳቀ። በማግሥቱ ፎቶው በድርጅቱ ገጽ ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ የማላውቃቸው ሰዎች «እንዲህ ነው እንጂ ደንበኛን ማክበር!» እያሉ ይጽፉ ነበር። ሴትዮዋ አበባውን መሬት ላይ አስቀምጠው፣ ሪባኑን በጥርሳቸው በጥሰው፣ መኪናቸውን ነድተው ሲወጡ የሚያሳይ ፎቶ ግን የለም። በአጠገቤ ሲያልፉ አላዩኝም፣ ወይም አይተው ተዉኝ።

በወሩ መጨረሻ ሥራ ለቀቅኩ። ሥራ አስኪያጁ በገዛ እጁ የሥራ ልምድ ማስረጃ ጻፈልኝ። «በነበራት ቆይታ ታማኝ፣ ምስጢር ጠባቂና ለድርጅቱ ጥቅም የቆመች ሠራተኛ ነበረች» ይላል። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ጠርዙ እርጥብ ነበር። ቀድጄ ፊቱ ላይ ልጥልበት አስቤ ነበር፤ አመስግኜ ተቀበልኩት። አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ሲቀጥረኝ እሱን ነው ያስገባሁት። ፋይሌ ውስጥ አለ።